«ኢማንህ ደክሞ ነው» ከማለታችን በፊት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በየሰፈራችን ያለ፣ በመስጂዳችን ግን የማይወራ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ አባት ወጣት ልጃቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ልጁ በሞተር ሳይክል አደጋ እግሩ ተሰብሮ ለሕመሙ ትራማዶል ታዞለት ነበር። ስብራቱ ዳነ፤ ክኒኑ ግን አልለቀቀውም። እኛ ምን አልነው? «ኢማንህ ደክሞ ነው፤ ሶላትህን አጥብቅ።» ቁርኣን ቀራንበት። አባትየውንም «ከቤት እንዳይወጣ ያድርጉ» ብለን መከርናቸው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ወደ መስጂዱም ዳግም አልመጣም። ከወራት በኋላ ቤት ውስጥ ተንዘፍዝፎ መውደቁንና ሆስፒታል መግባቱን ሰማን። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፏል።

ሶላትን አጥብቅ ማለት ስሕተት አይደለም። የተሳሳትነው በሽታውን ወንጀል ብቻ አድርገን ማየታችን ላይ ነው። ትራማዶል ከሞርፊን ወገን የሆነ፣ ሐኪሞች ኦፒዮይድ የሚሉት ማስታገሻ ነው። ሰውነት ይለምደዋል። በድንገት ሲቋረጥ ያልባል፣ ያስመልሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ሲበዛ ደግሞ ያንዘፈዝፋል። ሌላም አደጋ አለ፦ ከኦፒዮይድ ለጥቂት ሳምንታት ርቆ የቆየ ሰው ሰውነቱ የለመደውን ስለሚረሳ፣ ወደ ድሮው መጠን ከተመለሰ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ያለ ሐኪም ቤት ዘግቶ ማቆየት የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

ታዲያ የሚረዳው ምንድን ነው? በጊዜው በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኤሪክ ጋርላንድና ባልደረቦቹ ለረጅም ጊዜ ሕመም ኦፒዮይድ እየወሰዱ አላግባብ መጠቀም የጀመሩ 250 ሰዎችን አጠኑ። ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ጃማ ኢንተርናል ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ግማሾቹ በባለሙያ እየተመሩ ለስምንት ሳምንታት በቡድን ተመስጦ (ሜዲቴሽን) ተማሩ። ሌሎቹ ያለ ተመስጦ፣ እነሱም ከባለሙያ ጋር በቡድን ተቀምጠው ስለ ችግራቸው ተወያዩ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ከተመስጦው ቡድን 45 በመቶ ያህሉ አላግባብ መጠቀሙን ትተው ነበር፤ ከሌላው ቡድን 24 በመቶ ያህሉ።

የሚማሩት ነገር ቀላል ይመስላል። ክኒኑን ከመዋጥ በፊት ለሦስት ደቂቃ ቆም ብሎ ትንፋሽን እያዳመጡ ራስን መጠየቅ ነው፦ አሁን የጠራኝ ሕመሙ ነው ወይስ ሀራራው? ሀራራ እንደሚመጣ ሁሉ ይሄዳል። ሰው ይህን በራሱ ላይ ሲያየው ጌታው አድርጎት የነበረው ነገር እንግዳ መሆኑ ይገባዋል።

«ሜዲቴሽን የሌላ ሃይማኖት ዒባዳ ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ ስጋታቸውን እናከብራለን። ነገር ግን በክሊኒክ የሚሰጠው ትንፋሽንና ስሜትን በንቃት መከታተል እንጂ ለማንም መስገድ የለበትም። ዚክርና ኹሹዕም ከዚህ ጋር አንድ አይደሉም፤ ዒባዳችንን ወደ ሕክምና ዘዴ ማውረድ አንፈልግም። ሆኖም በሶላቱ ልቡን መሰብሰብ የለመደ ሙስሊም ለዚህ ትምህርት ባዕድ አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ከሐኪሙ ጋር ያለው ትስስር ነው። ኤድዋርድ ቦርዲን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር በ1979 እ.ኤ.አ. ይህን ትስስር በሦስት ነገር ገልጸውታል፦ በግቡ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራ መስማማት፣ እርስ በርስ መተማመን። ያ ወጣት ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ልንጠይቀው ሄድን፤ አፉ ብለን ይቅርታም ጠየቅነው። ምን እንደረዳው ስንጠይቀው «ኡስታዝ፣ ሐኪሟ ስሜን ታውቃለች። ስቀር ትደውላለች። ደግሜ መውሰዴን ስነግራት አልጮኸችብኝም» አለን። እኛ ያን ቀን ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም ነበር።

ይህን ስንል ተመስጦም ሆነ መልካም ሐኪም መድኃኒትን ይተካል ማለታችን አይደለም። ለጠናበት ሰው ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ሞትን ይቀንሳሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2005 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል። «ሱስን በሱስ መተካት ነው» እያልን ሐኪም ያዘዘውን ማስጣል የእኛ ድርሻ አይደለም።

የእኛ ድርሻ ሌላ ነው። የመጣብንን ሰው ስሙን እንጠይቅ፤ ከመምከራችን በፊት እንስማው። የነገረን አማና ነው፤ ከሶላት በኋላ በረንዳ ላይ ጊባ አናድርገው። ወደ ሐኪም አብረነው እንሂድ፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ዱዓእና ቁርኣኑንም አንተው፤ ከሕክምናው ጎን ይሂዱ። ደግሞ ከወደቀ ደግመን እንቀበለው። ወላጆችም «ሰው ምን ይለናል» በሚል ልጃችሁን አትደብቁ፤ ሀፍረት ስንቱን ብቻውን አስቀርቷል።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይፈውስልን፤ እኛንም በራችን ላይ የቆመውን ሰው የምናይ ያድርገን። አሚን።