በብርሃን ጡትን የሚመረምር ልብስ፦ ተስፋው እና የእኛ ጥያቄ

የጡት ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ማሞግራፊ የሚባለው የራጅ ምርመራ ጡትን ስለሚጫንና ስለሚያሳምም፣ ጨረሩም ስለሚያስፈራ ቀጠሮዋን የምታሳልፍ እናትና እህት ጥቂት አይደለችም። ስለዚህ እንደ ጡት ማስያዣ የሚለበስ፣ ያለ ራጅ በብርሃን ብቻ የሚመረምር መሣሪያ እየተሠራ ነው የሚል ዜና ሲሰማ ብዙዎች ደስ ይላቸዋል። ለመሆኑ ነገሩ ምን ደርሷል? እኛንስ በምን ይመለከተናል?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 ማክስ ካትለር የተባለ ሐኪም በአሜሪካ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ ጡትን በመብራት እያበራ ጥላውን ይመለከት ነበር። ዘዴው በኋላ ከማሞግራፊ ጋር ሲወዳደር አንሶ በመገኘቱ ተተወ።

የዛሬዎቹ መሣሪያዎች የሚጠቀሙት ዓይን የማያየውን፣ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ብርሃን ነው። ይህ ብርሃን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ሥጋ ይገባል። ኦክስጂን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ብርሃኑን የሚውጡበት መጠን ስለሚለያይ፣ ተመልሶ የወጣውን በመለካት በዚያ ቦታ ያለውን የደምና የኦክስጂን መጠን ማወቅ ይቻላል። የካንሰር ዕጢ ለማደግ አዳዲስ የደም ሥሮች ስለሚያበጅ በዚህ መንገድ ሊታወቅ ይችላል።

ጉድለቱም እዚያው ነው። ብርሃን በሥጋ ውስጥ፣ ጉም ውስጥ እንደገባ የመኪና መብራት ይበተናል። ስለዚህ ማሞግራፊ የሚያሳየውን ትንሽ ዕጢ ወይም ደቃቅ የካልሲየም ነጠብጣብ አጥርቶ አያሳይም።

ተመራማሪዎቹም የበለጠ ተስፋ የጣሉት በሌላ ሥራ ላይ ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞቴራፒ የምትወስድ ሴት መድኃኒቱ እየሠራላት መሆኑን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ትጠብቃለች። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ያቀረቡት የሚለበስ መሣሪያ የታሰበው መድኃኒቱ በሚሰጥበት ሰዓት ጡት ላይ ተቀምጦ በዕጢው ውስጥ ያለውን የደም ለውጥ ያለማቋረጥ እንዲከታተል ነው። የማይሠራ መድኃኒት ቶሎ ከታወቀ ሐኪሙ ሌላ ለመሞከር ጊዜ ያገኛል፤ ሴቲቱም ከከንቱ ሥቃይ ትድናለች።

አሁን ወደ እኛ ጥያቄ እንምጣ። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን ብርሃን ይውጣል። በኮሮና ጊዜ ብዙዎቻችን ያየነው፣ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጂን መለኪያም የሚሠራው በብርሃን ነው። በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መለኪያው ደህና ነው ካላቸው ሰዎች መካከል ደማቸው በእርግጥ ኦክስጂን ያነሰው ከጥቁሮች 11.7 በመቶ፣ ከነጮች ግን 3.6 በመቶ ነበሩ። መሣሪያው ለብዙ ዓመታት በየሆስፒታሉ ሲያገለግል ቆይቷል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ላይ በሰፊው እንዲፈተን የሚጠይቅ ረቂቅ መመሪያ ያወጣው ግን በ2025 ነው።

በኢንፍራሬድ ብርሃን ላይ የሜላኒን ተጽዕኖ አነስተኛ ቢሆንም ጨርሶ አይጠፋም። እንግዲህ የጡት መሣሪያው በነጭ ቆዳ ላይ ብቻ ከተፈተነ፣ ነገ ለእኛ ሴቶች "ደህና ነሽ" የሚለው ቃል ምን ያህል ይታመናል? ጥያቄው መነሳት ያለበት ዕቃው ገበያ ከወጣ በኋላ ሳይሆን ዛሬ ነው። ሐኪም በጥናት እንድንሳተፍ ሲጠይቀን፣ በምንረዳው ቋንቋ ካስረዳንና ፈቃዳችን ከተጠበቀ፣ መሳተፉ ለልጆቻችንም ይጠቅማል።

ውድ አንባቢያን፣ እስከዚያው ማሞግራፊን የተካ የሚለበስ የብርሃን መሣሪያ የለም። በእስራኤል ዕድሜያቸው ለምርመራው የደረሰ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ በኩፓት ሆሊማቸው በኩል ያለ ክፍያ ይመረመራሉ። እናቷ ወይም እህቷ በዚህ በሽታ የታመመች ሴት ከዚያ ዕድሜ በፊት ሐኪሟን ታማክር። ጡቷ ላይ እባጭ ያገኘች ደግሞ ዕድሜዋ ምንም ይሁን ምን፣ አዲሱን መሣሪያም ሆነ ቀጣዩን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ትሂድ።