ነርሲንግ ለምትማረው እህታችን ቀርድ ሐሰን

ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉትን በድንኳኗ አክማለች። ዛሬም ዐረብ አገር ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው ነርሲንግ ሊማሩ የተመለሱ እህቶች አብረውን አሉ። እኛ መደበኞቹ ወጪ መጋራት ፈርመን ስንመረቅ እንከፍላለን፤ እነሱ ግን የማታውን ትምህርት በክሬዲት ሰዓት ተሰልቶ ከምዝገባ በፊት ይከፍላሉ። ዕቁቡ ካልደረሰ ሴሚስተሩ ያልፋል፤ የወለድ ብድር ደግሞ ሪባ ነው። «ሐራም ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ሐላሉን መንገድ ማመቻቸትም የኛው ድርሻ ነው። «ተማሪ ምን አለው?» አንበል። 100 ሆነን በወር 50 ብር ብናዋጣ 5,000 ብር ይሆናል። የቀርድ ሐሰን ሣጥን እንክፈት፤ እህታችን ሥራ ስትይዝ ያለ ጭማሪ ትመልስ፣ ለቀጣይዋም ይድረስ። ከጁሙዓ በኋላ እንወያይበት፣ ኢንሻአላህ።