ሳቅ በጆሮ ሲወረስ፦ የቆየ የሬዲዮ ጨዋታ ለምን አያረጅም?

የቆዩ የሬዲዮ ጨዋታዎች በየትውልዱ አዲስ አድማጭ ማግኘታቸው ሲነሣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቃል ይታለፋል፤ ትዝታ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። የደከመ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ከጎረቤት ጋር በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስበው ያደመጡ ወላጆች ያን ጊዜ ቢናፍቁ አያስገርምም። በዚያ ዘመን ያልተወለደው ወጣት ግን የድሮውን ቀረጻ በስልኩ ከፍቶ ሲስቅ የሚያስታውሰው ነገር የለም። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት፣ ጨዋታውን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግረው ሳቁ በራሱ በቋንቋው ውስጥ መቀመጡ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከደቡብ ጎንደር መውጣት አያስፈልግም። የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ አለቃ ገብረ ሀና የፎገራ ሰው ናቸው። በደብረ ታቦር የገነነው የተክሌ አቋቋም በልጃቸው በአለቃ ተክሌ ስም ይጠራል፤ ሕዝቡ ግን አባትዬውን ይበልጥ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። በሰፊው ከሚነገሩት አንዱ፣ አህያ የምትነዳ ሴት አግኝተው «እንደምን አደራችሁ?» አሏት የሚለው ነው። ሴትዮዋ ብቻዋን ናት፤ ሰላምታው ግን ለብዙ ነው። የሳቁ ምንጭ አንዲት ቅጥያ ብቻ ናት፤ ሥዕልም ሆነ መድረክ የሚጨምርላት ነገር የለም። ሬዲዮ ወደ ደጋው ሲዘልቅ የጠበቀው በቅኔው፣ በአዝማሪውና በእንዲህ ያለው ወግ ሰሙን ከወርቁ መለየት የለመደ ጆሮ ነበር።

ሬዲዮ ለዚህ ጆሮ ካቀረባቸው ሥራዎች መካከል ወጋየሁ ንጋቱ የተረከው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጎልቶ ይታያል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልቦለድ በመሠረቱ አሳዛኝ ታሪክ ነው። ሆኖም የፊታውራሪ መሸሻ ጉራና የጉዱ ካሣ ሽሙጥ በአንድ ሰው ድምፅ ተለይተው ሲሰሙ፣ የሚያስቀው ክፍል ከሚያስለቅሰው ባልተናነሰ በአድማጭ ልብ ይቀራል። ባላገሩን ሊወጋ የዘመተው ፊታውራሪ ራሱ ተማርኮ ሲገኝ የምንስቀው በሹመት ትዕቢት ላይ ነው። የመሬት ሥሪቱ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ተሽሯል፤ ትዕቢቱ ግን ከባለ ጭሰኛው ጋር አብሮ አልተሻረም። የዛሬው ወጣት ፊታውራሪን አይቶ አያውቅም፤ ፊታውራሪነትን ግን በየቢሮው ያውቀዋል።

እርግጥ ነው፣ የቆየ ሁሉ አላረጀም ማለት አይቻልም። በሬዲዮም ሆነ በካሴት ከተሰራጩት ጨዋታዎች መካከል የገጠሬውን ዘዬ ወይም የአካል ጉዳትን ማላገጫ ያደረጉት ዛሬ ጆሮ ይጎረብጣሉ። ባላገሩ በአንደበቱ ርቱዕነት ዳኛውን ወይም ሹሙን ሲረታ የሚያሳዩት ግን አሁንም ይደመጣሉ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ በአድማጩ ይስቃሉ፣ ሁለተኛዎቹ ከአድማጩ ጋር።

አሳሳቢው ጉዳይ ይህን ልዩነት የምናጠናበት ቁስ እያለቀ መሆኑ ነው። የካሴት ክር በእርጥበትና በአቧራ ይበላሻል፤ ማጫወቻውም ከየቤቱ እየጠፋ ነው። ጨዋታውን በቃል የያዙ ሽማግሌዎችም እያለፉ ነው። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዙ ቢቢሲ እንኳ ብዙ የቆዩ ዝግጅቶቹን ራሱ ካጠፋ በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 አድማጮች በየቤታቸው የቀዱትን እንዲያመጡ ጥሪ አቅርቧል፤ ጠፍተዋል የተባሉ በርካታ ዝግጅቶችም በዚህ መንገድ ተገኝተዋል። ትምህርቱ፣ ቤተ መዛግብት የጣለውን አድማጭ ሊያቆይ እንደሚችል ነው።

ስለዚህ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍና በፎክሎር የድኅረ ምረቃ ጥናት የሚያካሂዱ ተማሪዎች ከአለቃ ገብረ ሀና ወጎች ጎን ለጎን የሬዲዮ ጨዋታንም የጥናት ርእስ ሊያደርጉት ይገባል። ከፋርጣ እስከ ጋይንት፣ ከእብናት እስከ ስማዳ በየሣጥኑ የተቀመጡ ካሴቶችን መሰብሰብና የአድማጮችን ቃል መቅዳት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው ሳቅን እንደ ቁም ነገር መቁጠርን ነው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን ገንዘብም ቢገኝ የሚመልሰው አይኖርም።