እነሱ ሲሄዱ ጉዞ፣ እኛ ስንሄድ ፍልሰት

ሰሞኑን «ሳታነቧቸው እንዳትሞቱ» የሚል የጉዞ መጻሕፍት ዝርዝር ከገጽ ገጽ ሲዞር ከርሟል። እኔም አየሁት። ቲቤት አለ፣ ፓታጎንያ አለ፣ ስፔንን በእግሩ ያቋረጠ ሰው አለ። ከዝርዝሩ ጋር ጠብ የለኝም፤ መጽሐፍ የሚያስነብብ ሰው ይባረክ። ያንገበገበኝ ሥሩ የተጻፈውና ላይክ የጎረፈለት አስተያየት ነው። «እኛ ሐበሾች የመጓዝ ባህል ስለሌለን ነው የጉዞ መጽሐፍ የሌለን» ይላል።

የመጓዝ ባህል የለንም!

ወዳጄ፣ እስቲ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ገንዳ ውኃ መናኸሪያ ቆመህ እይ። ከጎጃም፣ ከበለሳ፣ ከደብረ ታቦር፣ ከወሎ የመጣ ጎረምሳ ጋቢውን ጠቅልሎ፣ ማጭዱን ይዞ፣ ከመኪና ወርዶ በእግሩ ወደ እርሻው ሲተም ታያለህ። የሚጠጣ ውኃ የት እንዳለ ያውቃል። ፀሐዩ ስንት ሰዓት ላይ እንደማያሠራ ያውቃል። የትኛው አሠሪ ሒሳብ እንደሚበላ ያውቃል። ይሄ ሰው ካልተጓዘ ማን ተጓዘ? የጎደለው ጉዞ አይደለም፤ የሚጽፍለት ሰው ነው።

ነገሩ ከዚህም ይብሳል። አንድ ፈረንጅ ከጎንደር ተነስቶ በጭልጋ አድርጎ መተማ ቢወርድ «ጉዞ» ይባላል፤ መጽሐፍ ይወጣዋል። የእኛ ልጅ በዚያው መንገድ ቢወርድ «ፍልሰት» ይባላል፤ ሪፖርት ይወጣዋል። መንገዱ አንድ፣ ፀሐዩ አንድ፣ የወባ ትንኟ አንድ። ስሙ ብቻ ይለያያል። የእኔ ጠብ ከዚህ ስም ጋር ነው።

መተማ ያልተጻፈላት እንዳትመስላችሁ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 ቀዳማዊ ኢያሱን ለማከም ጎንደር የገባው ከሰናር ተነስቶ፣ በዚሁ በምዕራቡ ቆላ በኩል ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1772 ወደ አገሩ ሲመለስ በዚሁ ወረደ፤ ያኔ አካባቢው ራስ ኤል ፊል ይባላል። ሳሙኤል ቤከር በ1862 መተማን አይቶ በ1867 መጽሐፉን አሳተመ። አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም በ1865 በመተማ ገብቶ በ1869 የራሱን አወጣ። ለአራቱም ይሄ ቆላ በር ነው። አንዱ ሊገባበት፣ አንዱ ሊወጣበት። በር ላይ ደግሞ ተቀምጦ የሚያወጋ የለም።

ከአራቱ የብሩስን ነገር ልብ በሉልኝ። ራስ ኤል ፊል ላይ ተቅማጥ ይዞት ታሞ ሰንብቷል። ያዳነው የቆላው ሰው የሚያውቀው ቁጥቋጦ ነው፤ ዋጊኖስ። ብሩስ ይህንን አልደበቀም፣ ራሱ ጽፎታል። ዛሬ ግን የዕፅዋት ሳይንስ ያንን ቁጥቋጦ ማን ብሎ ይጠራዋል? «ብሩሲያ»! በታካሚው ስም! መድኃኒቱን ያወቀው ሕዝብ ስም የለበትም። ለምን? መጽሐፉን የጻፈው ታካሚው ነዋ! ብሩስ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። የጻፈ ይጠራል፣ ያልጻፈ ይረሳል ነው የምለው።

«የእኛዎቹስ?» ትሉኝ ይሆናል። የእኛዎቹ መጻፍ አቅቷቸው አያውቅም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል። የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ባወጡበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1908፣ እዚያው ሮም ላይ፣ የመንገደኛ መምሪያ አሳትመዋል። ግን ለማን? ወደ አበሻ አገር ለሚመጣ፣ ፈረንሳይኛ ለሚያነብ እንግዳ። አያችሁ፣ አንዱ ውጭውን ለእኛ ጻፉ፤ አንዱ እኛን ለውጭ ሰው ጻፉ። ቆላውን ለደጋው፣ ደጋውን ለቆላው የሚጽፍ ግን ዛሬም ጥቂት ነው።

የዘንድሮ የአማርኛ የጉዞ ጽሑፍ ስታነቡ መድረሻው ገና ሳትጀምሩት ይታወቃል፤ ላሊበላ፣ አክሱም፣ ፋሲል ግንብ፣ ሰሜን ተራሮች። ጎንደር ድረስ ይመጡና አዘዞ ላይ ይመለሳሉ። መተማ ከተነሳችም ለመጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው። ይገባታል፤ አፄ ዮሐንስ የወደቁባት ምድር ናት፣ ከተማዋም በስማቸው መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ግን እኮ ከዚያ በኋላም ሰው ኖሮባታል! ቋራም እንዲሁ ናት፤ ስለ እሷ የሚጻፈውን ስታነቡ ካሳ ኃይሉ ከወጣ ወዲህ ሰው የቀረባት አይመስልም። እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት የቆላ ወጎች ይዤ አንድ አሳታሚ ዘንድ ሄጄ ነበር። ስሙ ይቅር። «ወንድሜ፣ ሙቀትና ወባ ማን ገዝቶ ያነባል?» አለኝ።

እሺ። እንግዲያው እኔም የራሴን ዝርዝር ላውጣ። የመጻሕፍት ሳይሆን በዚህ ምድር ያለፉ እግረኞች።

1. ተክሩሪዎች። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር በኩል ለሐጅ ወደ መካ የተነሱ፣ ኋላም መተማ ላይ ሰፍረው ያረሱና የነገዱ ሙስሊሞች ናቸው። ቤከር በ1862 ሲደርስ ከተማዋ በእነሱ እጅ ነበረች። አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር በእግር! ይሄ ጉዞ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

2. ቤተ እስራኤላውያን። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ከጎንደር መንደሮች ወጥተው፣ ቀን ተደብቀው ሌሊት እየሄዱ ሱዳን ገቡ። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች ወደ 4,000 ሰው እንዳለቀ ይነገራል፤ ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ጋዲ ቤንኤዘር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በልጅነታቸው የተጓዙትን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2002 መጽሐፍ አወጣ። የጠየቃቸው ስለ መንገዱ ነው፤ ስለራሱ ስለ እግር ጉዞው። ይቻላል ማለት ነው'ኮ!

3. የቀይ ሽብር ትውልድ። ዛሬ ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ያለውን አዛውንት «እንዴት ወጣህ?» በሉት። «በመተማ» ይላችኋል። ከዚያ ዝም። ስንት ሌሊት፣ ስንት ወንዝ፣ ማን አሻገረው? ልጆቹ እንኳ አያውቁም።

4. የካርቱም ሰዎች። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ ካርቱም ላይ ዕድሜውን የጨረሰው የእኛው ሰው፣ ሁሉም ከገላባት ወደ መተማ ጎረፈ። ብዙ ሱዳናውያን ኩመርና አውላላ መጠለያ ገቡ። በ2016 ደግሞ ዝርፊያውና እገታው ቢያስመርራቸው ከመጠለያው ወጥተው በእግራቸው መንገድ ጀመሩ፤ ተከለከሉና መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ከረሙ። ስለ እነሱ ያነበብኩት ሁሉ ቁጥር ነው። ስንት ገቡ፣ ስንት ወጡ፣ ስንት ኩንታል ደረሳቸው።

5. የሽንፋ ሰዎች። መጋቢት 2016 ዓ.ም. «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሽንፋ ወንዝ ዳር ከ74,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎችን ዱካ አሳየ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ ከፈነዳበት ዘመን ጋር የሚገጥም ነው። በጋው ሲጠና፣ ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ሲሆን፣ ዓሣ እያጠመዱ ከኩሬ ወደ ኩሬ ይሄዱ ነበር። አጥኚዎቹ የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣው እንዲህ ወንዝ ለወንዝ እየተጓዘ ሊሆን ይችላል ይላሉ። አስተያየት የጻፍከው ልጅ፣ ሰማህ? የመጓዝ ባህል የለንም ያልከው እኛን ነው!

አሁን «ታዲያ ባይጻፍስ ምን ይጎድላል?» የሚል ይኖራል። የክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ሰው ይሞታል።

በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም የሆነውን አስታውሱ። ደጋ ነው፣ የጣና ማዶ አገር። ሰው ትኩሳት ይይዘዋል፣ ይከሳል፣ ሆዱ ያብጣል፣ ይሞታል። መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ። ሲመረመር ካላዛር ሆነ። አጥኚዎች እንደሚሉት በሽታውን ወደ ደጋ ይዘው የወጡት ከመተማና ከሑመራ እርሻ የተመለሱ የጉልበት ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም። ቆላ ላይ ግን ካላዛር የከረመ ጠላት ነው። ጥቁር አፈር ላይ፣ ግራር ሥር፣ ሜዳ ላይ ያደረን ሰው የአሸዋ ዝንብ ነድፋ እንደምታሲዘው የታወቀ ነው። ልጆቹ በየዓመቱ ወርደው በየዓመቱ ይመለሳሉ። ብሩ ቤት ገባ፣ በሽታው ቤት ገባ፤ ወሬው ግን አልገባም።

መጽሐፍ ካላዛርን አያድንም፣ አውቃለሁ። ግን መንገዱን የሚያወራ፣ የሚጽፍ፣ የሚያነብ ሕዝብ ልጁ ከየት እንደተመለሰ ያውቃል። ሐኪሙም ትኩሳት ይዞት የመጣውን ጎረምሳ «ዘንድሮ የት ከረምክ?» ብሎ ለመጠየቅ ይፈጥናል።

አንዳንዱ ደግሞ «ጉዞ በፍላጎት ሲሆን ነው፤ ቸግሮት የሄደ ሰው ተጓዥ አይባልም» ይላል። ኧረ ተው! ፖንሴ ለሽርሽር ነው የመጣው? ተጠርቶ ለሥራ ነው። ራሳም ወድዶ ነው? ተልኮ ነው፤ ኋላም ራሱ ታስሯል። የሰሊጥ አጫጁም ለሥራ ነው የሄደው። ልዩነታቸው የማስታወሻ ደብተር ነው። በቃ።

«መንገዱ ሰላም ባጣበት፣ ሰው በሚታገትበት ሰዓት የጉዞ መጽሐፍ ምን ያደርጋል?» የምትሉም ትኖራላችሁ። እኔ ዛሬ ተነስታችሁ ሂዱ አላልኩም። የሄዱት ሰዎች ቤታችሁ ውስጥ አሉ። አባትህ፣ አጎትህ፣ ከሱዳን የተመለሰችው አክስትህ፣ እርሻ ላይ ስምንት ክረምት የከረመው የጎረቤት ልጅ። ቡና ሲፈላ ቁጭ ብለህ ሦስት ነገር ጠይቃቸው። ውኃ የት ጠጣችሁ? የት አደራችሁ? ማን አስጠለላችሁ? ሲመልሱልህ የቦታውን ስም አትዝለል። አይከል፣ ነጋዴ ባሕር፣ ገንዳ ውኃ፣ ኮኪት፤ በወዲያ ሽንፋና ገለጉ፣ በወዲህ አብርሃጂራ። ስልክህ ላይ ቅዳው፣ በእነሱ አነጋገር ጻፈው። ዘመኑ ክፉ ነውና ሰው ላይ አደጋ የሚያመጣ ስም አታውጣ። ደግሞ አደራ፣ ርዕሱን «ፍልሰት» እንዳትለው።

አሳታሚዎች፣ ለእናንተም አንድ ቃል። ሙቀትና ወባ ማን ያነባል ትላላችሁ፤ የሰው አገር በረሃ ግን እያስተረጎማችሁ ትሸጣላችሁ። የበረሃው ሙቀት የሚጣፍጠው ፈረንጅ ሲያልበው ነው እንዴ?

የሰማችሁትን እዚሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አንድ አንቀጽም ትሁን። እኔ አንድ በአንድ አነባለሁ፣ እሰበስባለሁ። የአባቱን መንገድ የሚያውቅ ይጀምር።