ባለቤቱ ያልለቀቀው ላፕቶፕ

በዛሬው ጽሑፋችን ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው ከፍተኛ ትምህርት ሲጀምሩ የሚገጥማቸውን አንድ ጉዳይ እናነሳለን። እኛም ቤት ደርሶ አይተነዋልና ከዚያው እንጀምር።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ላፕቶፕ አስፈለገው። የአዲሱን ዋጋ ጠይቀን ስንሰማ ዝም ብለን ተያየን። እናቱ ዕቁብ ወጥቶላት ነበር፤ ከእርሱ ላይ አነሳች፤ እኔም የአቅሜን ጨመርኩ። በቢሮ ሲሠራበት ቆይቶ ከውጭ የመጣ፣ ታድሶ የሚሸጥ ላፕቶፕ ተገዛ። ዕቃው ንፁህ ነው፤ ቶሎ ይነሳል፤ ጽሑፉም ፊልሙም ይሠራል። ልጁም ደስ ብሎት ሄደ።

በሦስተኛው ወር ግን ኮምፒውተሩ እየዘገየ አስቸገረው። ጓደኞቹ እንደመከሩት በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ አስጀመረው። ዋይፋይ ሲያገናኘው በስክሪኑ ላይ የማናውቀው የውጭ አገር ድርጅት ስም ብቅ አለ፤ የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይልና የይለፍ ቃል አስገባ ይለዋል። ከዚያ ወዲያ ወደፊት የለም፤ ወደኋላም የለም። ፈተናው የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር።

ወደ ሻጩ ሄድን። ‹‹ስትወስዱት ይሠራ አልነበረም?›› አለን። እውነቱን ነው፤ ይሠራ ነበር። ነገሩ የተሰወረብንም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ?

ትልልቅ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ላፕቶፖች ይገዛሉ ወይም ይከራያሉ። ሦስት አራት ዓመት ከሠሩባቸው በኋላ ይለውጧቸዋል። አሮጌዎቹን የሚሰበስቡ ነጋዴዎች ይፈትሿቸዋል፤ የተጎዳውን ክፍል ይለውጣሉ፤ ያጸዷቸውና መልሰው ይሸጧቸዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በዱባይ በኩል አድርገው ወደ እኛ ገበያ ይደርሳሉ። ንግዱ በራሱ ነውር የለበትም። ለቢሮ ተብሎ የተሠራ ላፕቶፕ በጠንካራ አካል የተሠራ፣ ለመፍታት የሚመች፣ መለዋወጫውም የሚገኝ በመሆኑ ርካሽ ከሆነው አዲስ ላፕቶፕ የተሻለ የሚያገለግልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ነገር ግን ድርጅቶች ንብረታቸው ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ እንዳይጠቅም መቆለፊያ ያበጁለታል። አንደኛው መቆለፊያ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ በሚሠራው ባዮስ በሚባለው ክፍል ላይ የሚደረግ የይለፍ ቃል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የኮምፒውተሩ መለያ በማይክሮሶፍት መዝገብ ላይ በድርጅቱ ስም መስፈሩ ነው። ይህ ሁለተኛው በኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠ ስላልሆነ ዲስኩ ቢጠፋም፣ ቢቀየርም አይለቅም። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተነስቶ ኢንተርኔት ሲያገኝ መዝገቡን ይጠይቃል፤ ‹‹ይህ የእገሌ ድርጅት ነው›› የሚል መልስም ይመጣለታል። የእኛው ላፕቶፕ ያለ ኢንተርኔት ተጭኖ ስለተሸጠ ጥያቄው ለሦስት ወር ሳይነሳ ቆየ።

አንድ ባለሙያ ‹‹እኔ በዘዴ አልፈዋለሁ፣ እንደገና ያለ ኢንተርኔት መጫን ነው›› አለን። ልጁ ፈተናው ስለደረሰበት ጓጓ። እናቱ ግን ‹‹መጀመሪያ የማን እንደሆነ እንወቅ፤ የተሰረቀ ከሆነ የሰው ሐቅ ይዞ ሊማርበት ነው ወይ?›› አለች። እኔም መልስ አጣሁ። እርግጥ መቆለፊያው መኖሩ ብቻ ዕቃው የተሰረቀ ነው አያሰኝም፤ ድርጅቱ ሲሸጠው ከመዝገቡ መፋቁን ረስቶም ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሁለቱን የሚለየው ባለቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጀርባው ያለውን መለያ ቁጥር ጽፈን፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስተን ለድርጅቱ ኢሜይል ላክን። አንድ ወር ገደማ ቆይቶ መልስ መጣ፤ ላፕቶፑ በሕጋዊ መንገድ የተሸጠ መሆኑንና ከመዝገባቸው እንዳወጡት ነገሩን። አልሐምዱሊላህ፣ ከዚያ ወዲህ ያለ ችግር ይሠራል። ልጁ ግን ያን ፈተና ያለፈው በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ተራ እየጠበቀ፣ በሌሊት እየሠራ ነው። ደግሞም ሁሉም ድርጅት መልስ ይሰጣል ማለት አይደለም።

ከመክፈላችሁ በፊት

ስለሆነም ዋናው ምክራችን ይህ ነው። ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ያስጀምረው፤ በስልካችሁ ኢንተርኔትም አገናኙት። ኢንተርኔት እያገኘ የማንንም ድርጅት ስም ሳይጠይቅ እስከ መጨረሻው ከሄደ አንዱ መቆለፊያ የለበትም ማለት ነው። ይህ አንድ ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል። ‹‹ጊዜ የለኝም›› የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እናንተም ገንዘብ የለኝም በሉት።

ቀጥሎ ባዮሱን ያስከፍቱት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በዴል ላይ ኤፍ 2፣ በኤች.ፒ. ላይ ኤፍ 10፣ በቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1 ይጫናል። የይለፍ ቃል ከጠየቀ፣ ሻጩም ካላወቀው ተዉት። በብዙ የቢሮ ላፕቶፖች ላይ ይህን ቃል በቀላሉ ማንሳት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ የአንጎሉን ትውልድ እዩ። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኢንቴል አንጎል በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ እንዲሆን ይጠይቃል። ከአይ ፋይቭ ቀጥሎ ያለው ቁጥር 8350 ከሆነ ስምንተኛ ነው፤ 1145 ከሆነ አሥራ አንደኛ ነው፤ 6300 ወይም 7300 ከሆነ ግን ስድስተኛና ሰባተኛ ነው። ‹‹አይ ሰቨን ነው›› ተብላችሁ ስድስተኛ ትውልድ እንዳትገዙ። ስምንተኛው ትውልድ ካላቸው መካከል የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ 480፣ የዴል ላቲቲዩድ 7490 እና የኤች.ፒ. ኤሊትቡክ 840 ጂ 5 ይገኙበታል። ሦስቱም ለቢሮ ተብለው የተሠሩ ናቸው።

አራተኛ፣ ባትሪ። ያገለገለ ባትሪ አዲስ አይሆንም፤ ስንት እንደቀረው ማወቅ ግን ይቻላል። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ በፋብሪካ ሲሠራ ይይዝ የነበረውንና አሁን ሞልቶ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ግማሽ ካልደረሰ የባትሪ መለወጫ ከዋጋው እንዲቀነስላችሁ ጠይቁ። በዴል ላይ የባትሪውን ጤንነት ባዮሱ ራሱ ይናገራል። መብራት በሚጠፋበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የቀረውን በዓይንና በእጅ መፈተሽ ነው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ጻፉባቸው። ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ስክሪኑ ላይ ጥላ ወይም መስመር መኖሩን እዩ። ክዳኑን ግማሽ ድረስ ከፍታችሁ ልቀቁት፤ ከወደቀ ማጠፊያው ላልቷል። የፍላሽ መሰኪያዎቹን ሁሉ ሞክሩ። ቻርጀሩ የራሱ የኩባንያው ይሁን። ራሙ ቢያንስ 8 ጊጋባይት፣ ቢቻል 16 ይሁን፤ ማከማቻውም ኤስ.ኤስ.ዲ. ይሁን። በመጨረሻም መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበሉ። እኛን ያዳነን እርሱ ነውና። ጉድለት ያለበትን ዕቃ ጉድለቱን ነግሮ የሚሸጥ ነጋዴ ካገኛችሁ ደንበኛ ሁኑት።

ቤት ከገባ በኋላ

የቢሮ ላፕቶፖች ብዙውን ጊዜ የዊንዶውስ ፈቃዳቸው ከፋብሪካው በውስጣቸው ተቀምጦ ይመጣል። ስለዚህ ዊንዶውሱ ሲጫን ኢንተርኔት ካገኘ ራሱ ፈቃዱን ያረጋግጣል። ‹‹ማስከፈቻ ላስገባልህ›› የሚል ካለ አያስፈልግም በሉት፤ በእንዲህ ያለው ማስከፈቻ ቫይረስ ተከትሎ ይመጣል።

ከዚያ ዝማኔዎቹን ሁሉ አስገቡ። የባዮስ ዝማኔ ሲመጣ ግን ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ ላይነሳ ይችላል። የአማርኛ መጻፊያ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ስላለ ከቋንቋ ማስተካከያው ውስጥ መጨመር ብቻ ነው። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ባትሪው 80 በመቶ ላይ እንዲቆም አድርጉት፤ ሦስቱም ኩባንያዎች የባትሪውን ዕድሜ የሚያስረዝም እንዲህ ያለ ማስተካከያ አላቸው።

ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዲስኩን ራሱ ሊቆልፈው ይችላል። የመክፈቻ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። ላፕቶፑን ቤተሰቡ በጋራ የሚጠቀምበት ከሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን አካውንት ክፈቱለት፤ ፕሮግራም የመጫን ሥልጣን ያለው አካውንት በወላጅ እጅ ይቆይ። የትምህርት ሥራውን ደግሞ በየሳምንቱ በሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ መቅዳት ይለመድ። ያገለገለ ዕቃ መቼ እንደሚደክም አይታወቅም።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመት ገብቷል። በቅርቡ አንድ ጓደኛው ላፕቶፕ ሊገዛ ሲል አብሮት ሄዶ ነበር። ሻጩ ዕቃውን አውጥቶ ሲያሳያቸው ዋጋውን ሳይጠይቅ በፊት ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ኢንተርኔት ከፈተ። ሻጩም ገባውና ‹‹ለአንተስ ሌላ ላምጣልህ›› ብሎ ያንን መልሶ አስቀመጠው ሲል ነገረን። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።