ግሪሳና የእህል ገበያ

ማሽላ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ በሚወርደው ቆላ የሚያሰጋው ጠላት ግሪሳ ነው። አንዲት ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ስለምትበላ፣ አንድ ሚሊዮን ወፍ ያለበት መንጋ በአንድ ቀን 100 ኩንታል ያጠፋል ማለት ነው።

ገበሬው የሚመክተው ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ ወርውሮ፣ ጅራፍ አጩኾ፣ ጨርቅ የለበሰ ማስፈራሪያም አቁሞ ነው። ይሁን እንጂ ከስፍራው የማይነቃነቀውን ማስፈራሪያ ወፎች ፈጥነው ይለምዱታል፤ ከአንዱ ማሳ የተባረረውም መንጋ ከጎረቤት ማሳ ያርፋል። በ1962 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአውሮፕላን መርዝ በመርጨት ቢረዳም፣ ርጭቱ የሚበጀው መንጋው ተሰብስቦ ለሚያድርበት ስፍራ እንጂ ለየማሳው አይደለም። ስለዚህ የቀኑ ጥበቃ ብዙውን ጊዜ በልጆች ላይ ይወድቃል፤ ወራቱም ትምህርት ቤት ከሚከፈትበት ጊዜ ጋር ይገጥማል።

የደሴና የኮምቦልቻ እህል ነጋዴ ይህን የገበሬው ብቻ ጉዳይ አድርጎ ሊመለከተው አይገባም። ወፍ የበላው ኩንታል ከገበያ አይደርስም። ስለሆነም ማሳቸው የተጎራበተ ገበሬዎች ተባብረው ጎልማሳ ጠባቂዎችን እንዲቀጥሩ፣ ነጋዴውም ከደመወዛቸው ድርሻውን እንዲያዋጣ ያስፈልጋል። ይህ ምጽዋት ሳይሆን የንግዱ ዋስትና ነው።