ልጅ በአደራ ማሳደግ ሠራተኛ ማምጣት አይደለም!

«ዶክተር፣ ልጅ ማሳደግ እፈልጋለሁ፤ ጉዲፈቻ ግን ከበደኝ» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። የአደራ ቤተሰብ መሆንን አስባችሁበታል?

ጉዲፈቻ ቋሚ ነው፤ ፍርድ ቤት አፅድቆት ልጁ በሕግ የእናንተ ይሆናል። አደራ ጊዜያዊ ነው፤ ልጁ ከወላጆቹ ጋር ያለው የሕግ ዝምድና አይቋረጥም።

ዓይነቶቹ፦
- ድንገተኛ፦ ተጥሎ ለተገኘ ወይም አደጋ ላይ ላለ ልጅ፣ ለጥቂት ቀናት
- የአጭር ጊዜ፦ ለምሳሌ እናት ታማ እስክትድን
- የረጅም ጊዜ፦ ወደ ቤተሰቡ መመለስ ሳይቻል ሲቀር
- የዘመድ፦ አያት ወይም አክስት ጋር

ማሳደጊያ ድርጅት አይበቃም ወይ? በሩማኒያ ቡካሬስት 136 ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት አለ። አደራ ቤተሰብ ውስጥ የገቡት በማሳደጊያ ከቀሩት በአእምሮ እድገት ተሽለው ተገኝተዋል፤ በተለይ 2 ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። ሕፃን ከወተት እኩል የሚያውቀው ፊት ያስፈልገዋል። ሀገራችን ደግሞ በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን ከልክላለች፤ ስለዚህ ኃላፊነቱ የእኛው ነው።

እዚህ ላይ ግን እንተማመን። ከገጠር ልጅ አምጥቶ «እያስተማርኳት ነው» እያሉ ዕቃ ማሳጠብ አደራ አይደለም። የእናንተ ልጅ ሲያጠና እሷ ሽንኩርት የምትከትፍ ከሆነ ስሙ የልጅ ጉልበት ብዝበዛ ነው።

«ከለመድኩት በኋላ ቢወስዱብኝስ?» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ያማል። ግን ሕመሙን ከሕፃኑ ይልቅ አዋቂው ቢሸከመው ይሻላል።

የቆረጣችሁ ካላችሁ በደላላ ሳይሆን በወረዳችሁ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ በሚከታተለው ጽሕፈት ቤት በኩል ጠይቁ። ሼር አድርጉት!